ኮሚክ ለማን ይሰጣል?

ሰውየው ወደ ጠረጴዛዬ የመጡት የልጃቸውን መጻሕፍት ሊመልሱ ነው። የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሐበሻ ወላጅ ይበዛል። መጽሐፎቹን አንድ በአንድ እየደረደሩ፣ ሽፋኑ ላይ ያለውን የውሻ ጭንቅላት ያለው ፖሊስ በጣታቸው እየመቱ፣ «ሐበሻ ነሽ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያው ንገሪልኝ። ይቺ ልጅ ከዚህ ከሥዕል ሌላ አልነካም ብላለች። የሚነበብ መጽሐፍ ስጪልኝ።»

ልጅቷ ከጎናቸው ቆማ ወለሉን ታያለች። አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። «ዶግ ማን» የሚባለውን ተከታታይ ኮሚክ ያላነበበ የዚህ አገር ልጅ ማግኘት ስለሚያስቸግር አልፈረድኩባትም።

እንዲህ ለሚሉ ወላጆች የተለመደ መልስ አለን፤ «ዋናው ማንበቧ ነው፣ ቀስ በቀስ ወደ ደህናው ትሄዳለች» የሚል። እኔ ይህን መልስ አልወደውም። ኮሚክን ተረግጦ የሚታለፍ መሰላል ያደርገዋል፤ ላይ ሲደርሱ የሚረሳ። ስለዚህ ምንም ሳልመልስ ወደ መደርደሪያው ሄጄ «ዌን ስታርስ አር ስካተርድ» የሚለውን አመጣሁላት። በፈረንጆቹ 2020 የወጣ ነው። ኦማር ሞሐመድ የሚባል ሶማሊያዊ ከታናሽ ወንድሙ ከሐሰን ጋር ኬንያ ውስጥ ዳዳብ የስደተኞች መጠለያ ያደገበትን ዘመን ከሠዓሊዋ ከቪክቶሪያ ጄሚሰን ጋር ሆኖ የሠራው ነው። ያው ሥዕል ነው። ግን ወፍራም ነው፤ አባትየው በውፍረቱ ይታለላሉ ብዬ ነበር።

መጽሐፉ ልጅቷ እጅ አልደረሰም። አባትየው ተቀብለውኝ መሐሉን ገለጡት። ቆመው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ገጹን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ያያሉ። አንድ ገጽ ወደ ኋላ መለሱ። ደግሞ ወደ ፊት።

«ዳዳብ ነው አይደል?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«አዎ።»

«እኔ ካኩማ ነበርኩ።» ካኩማም እዚያው ኬንያ ያለ ሌላ የስደተኞች መጠለያ ነው።

የገለጡት ስለ ውሃ የሚያወራ ገጽ ነው። «እኛ ጋ» አሉኝ፣ «ሰው አይደለም የሚሰለፈው፤ ጄሪካን ነው። ጄሪካንሽን ታሰልፊና ጥላ ፈልገሽ ትቀመጫለሽ። ግን ዓይንሽን አትነቅይም፤ ከነቀልሽ ወደ ኋላ ይገፉብሻል። የኔ እጀታው ተሰብሮ በሽቦ ያሠርኩት ነበር። ከሩቅ የምለየው በሽቦው ነው።»

እያወሩ ጣታቸው ገጹ ላይ ነው። ጄሪካኑን የሚያሳዩኝ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጣታቸው ያረፈበት ቦታ ላይ ምንም አልተሳለም። ሥዕሎቹ በታጠሩባቸው በሁለት ሣጥኖች መካከል ያለው ነጭ መስመር ላይ ነው።

«ባባ፣ የኔ ነው እኮ» ብላ ልጅቷ እጇን ዘረጋች።

«ቆይ» አሏት።

በመጨረሻ መጽሐፉ የወጣው በእሳቸው ካርድ ነው። ልጅቷ ሁለት ተጨማሪ «ዶግ ማን» ይዛ ሄደች፤ ማንም አልከለከላት።

## ነጩ መስመር

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አልለቅ ያለኝ ያ ጣት ነው።

ስኮት ማክላውድ በ1993 «አንደርስታንዲንግ ኮሚክስ» የሚል መጽሐፍ አውጥቷል፤ ስለ ኮሚክ የተጻፈ፣ ራሱም ኮሚክ የሆነ። እዚያ ላይ ሁለት ሣጥን ይስላል። በመጀመሪያው አንድ ሰው በሌላው ላይ መጥረቢያ አንሥቷል። በሁለተኛው የሚታየው የከተማ ሌሊትና አንድ ጩኸት ብቻ ነው። ግድያው የትም የለም። ታዲያ ማን ገደለው? አንባቢው ነው ይላል ማክላውድ፤ መጥረቢያው መቼና የት እንዳረፈ በልቡ የወሰነው እሱ ነውና። በሁለቱ ሣጥኖች መካከል ያለችውን ነጭ ክፍተት የኮሚክ ዋና ጉልበት ያደርጋታል።

ይህን ነገር ለብዙ ሰው አስረድቻለሁ። ሁልጊዜም ስለ ምናብ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር፤ አንባቢው ያላየውን ፈጥሮ ይሞላል የሚል። ጋሼ ግን ምንም አልፈጠሩም። ያቺን ክፍተት የሞሏት በራሳቸው ሽቦ ነው። መጽሐፉ ያንን ሽቦ አያውቀውም፤ ኦማርም አያውቀውም፤ ሠዓሊዋም። ግን ካልተሳለው ቦታ ላይ ተገኘ። በጽሑፍ ብቻ የተሞላ ገጽ ቢሆን ጣታቸው የት ያርፍ ነበር እያልኩ አስባለሁ።

አገራችን ሥዕልን ለልጅ ሰጥቶ ጽሑፍን ለአዋቂ ያስቀመጠው መቼ እንደ ሆነ እንጃ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እንደሚባለው፣ ልጅ የሚወደው ንባብም ለቁም ነገር አይበቃም ተብሎ ተደምድሟል። ሆኖም የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስን ከመንኰራኩር እስከ ሰይፍ በተራ በተራ እያየን ነው ያደግነው፤ ያንን ማንም የልጅ ነገር አላለውም።

እኛ ቤት ሳሎን ደግሞ የሳባ ሥዕል ነበረ። ታውቁታላችሁ፤ ቸርችል ጎዳና ላይ ለቱሪስት የሚሸጠው፣ በሣጥን በሣጥን የተከፈለው፣ አንዳንዱ ላይ 44 ሣጥን ያለው። ከዘንዶው ጀምሮ በምኒልክ ይጨርሳል። ከየሣጥኑ ሥር አንድ መስመር የአማርኛ ጽሑፍ አለ። ለእኛ ለልጆቹ የምታነብልን ቤታችን ትሠራ የነበረች እኅት ናት፤ ፊደል አልቆጠረችም። ዘንዶውን ትዘለዋለች። ነጋዴውን ታምሪንንም እንደዚሁ። የምትቆመው ከንግሥቲቱ ኋላ ያለችው ገረድ ላይ ነው። ሰሎሞን በዚያች ሌሊት ከገረዲቱም ጋር እንደ ተኛ ይተረካል፤ የኛ ሥዕል ግን ከዚያች ሣጥን ወዲያ ረስቷታል። «ይቺስ?» ትለን ነበር። «ይቺ አገሯ እንዴት ገባች? በበቅሎ ነው በእግሯ? ልጁንስ ማን አዘለላት?»

እኛ እንስቅ ነበር። ሥዕሉን ከሁላችንም በላይ ታነብ የነበረችው እሷ መሆኗን የገባኝ የጋሼን ጣት ካየሁ በኋላ ነው።

## ወረፋ የት ጠበቅሽ?

እና አሁን ሰው ኮሚክ ምረጪልኝ ሲለኝ ምን ዓይነት ታሪክ እንደሚወድ አልጠይቅም። ሰው የሚወደውን ሲጠየቅ ደህና የሚመስለውን ነው የሚናገረው፤ ታሪክ፣ ፍልስፍና ምናምን ይላል። እኔ ወሬውን ወደ ሥራው፣ ወደ አመጣጡ፣ ወደ ጠበቀው ወረፋ እወስደዋለሁ። ነጩን መስመር በምን እንደሚሞላው ካወቅሁ መጽሐፉ አይጠፋም።

ለምሳሌ አዲስ አበባ የቀበሌ በር ላይ ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት ካለች፣ የምሰጣት የግብጻዊቷን የዲና ሞሐመድን «ሹቤይክ ሉቤይክ» ነው። ካይሮ ውስጥ በዓረብኛ በራሷ ወጪ ማሳተም ጀምራ፣ ራሷ ተርጉማው በ2023 በእንግሊዝኛ የወጣ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ምኞት እንደ ሸቀጥ ይሸጣል። አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ አለው። ርካሹ ጠማማ ነው፤ የጠየቅሽውን አጣሞ ይሰጥሻል። አንደኛ ደረጃው ግን የሚታመን ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም። ሹክሪ የሚባል የሰፈር ኪዮስክ ባለቤት እጅ ሦስት አንደኛ ደረጃ ምኞቶች አሉ፤ መጽሐፉ የእነዚያን ሦስት ጠርሙሶች ዕጣ ይከተላል።

እኔን የያዘኝ የአዚዛ ክፍል ነው። ድኻ ናት፣ ባሏ ሞቷል። ለዓመታት ሠርታ አጠራቅማ አንዱን ጠርሙስ ትገዛለች። ምኞት ደግሞ መመዝገብ አለበት፤ ስለዚህ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ትሄዳለች። የዚያ ቢሮ ሰዎች የሚያዩት የገዛችውን ጠርሙስ ሳይሆን የለበሰችውን ልብስ ነው፤ እንዲህ ያለች ሴት ይህን ከየት አመጣችው? ሌባ ትባላለች፣ ትታሰራለች፣ ምኞቷን ለቃ እንድትፈርም ይወተውቷታል። አስማቱ ተራ ነገር ሆኖ አስፈሪው ማኅተሙ ነው። «ነገ ተመለሺ» ተብላ የምታውቅ ሰው እዚያ ላይ ማብራሪያ አያስፈልጋትም። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ እናገራለሁ፤ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም የሚገለጠው እንደ ዓረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ይህን ሳይሰሙ የወሰዱ ሰዎች ከመጨረሻው ጀምረው ግራ ተጋብተው ይመልሱታል።

ዓረብ አገር ሠርታ ለመጣች ደግሞ «ደክስ» አለ። ኬት ቢተን ካናዳዊት ናት፤ የትምህርት ቤት ዕዳዋን ለመክፈል ከኬፕ ብሬተን ተነሥታ አልበርታ ነዳጅ ወደሚወጣበት አሸዋ የሄደችበትን ሁለት ዓመት በ2022 በወጣው መጽሐፏ በሥዕል ተርካዋለች። ካናዳና ዱባይ ምን አገናኛቸው? የሚያገናኛቸው አገር ቤት ሥራ አለመኖሩ፣ ገንዘቡ እዚያ መሆኑ፣ ሄዶ መመለስ እንጂ መኖር አለመታሰቡ፣ እንዲሁም ወንድ በበዛበት ካምፕ ውስጥ ሴት መሆን ነው። የመጨረሻው ከባድ ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ መደፈር አለ፤ ይህን ሳልናገር ለማንም አልሰጥም። አንዲት ዓረብ አገር የኖረች ደንበኛችን እንግሊዝኛው ይከብዳት ስለነበር ፊቶቹን እያየች ነው የጀመረችው፤ የወንዶቹን ፊት፣ ሴትዮዋ በገባች ቁጥር እንዴት ቀና እንደሚል። «ይሄን ማንበብ አያስፈልገኝም፣ አውቀዋለሁ» አለችኝ። ግን አልመለሰችውም፤ ጊዜ ጨምሪልኝ አለች።

እንግሊዝኛ ጨርሶ ለማይሆንላቸው፣ የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ለመጡ እናቶች፣ የሾን ታንን «ዘ አራይቫል» እሰጣለሁ። በ2006 የወጣ ስለሆነ አዲስ አይደለም፤ ግን ቃል የሚባል የለበትም። የመጀመሪያው ገጽ ዘጠኝ ትንንሽ ሣጥን ነው። የወረቀት ወፍ፣ ሰዓት፣ የተሰቀለ ባርኔጣ፣ ድስት፣ የሕፃን ሥዕል፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ እንፋሎት የሚወጣው ስኒ፣ ሻንጣ፣ የቤተሰብ ፎቶ። ሰውም ሆነ ወሬ የለም። አንዲት እናት ሻንጣው ላይ ሲደርሱ «ውይ፣ ሊሄድ ነው» አሉ። ሰውየው የሚደርስበት አገር ጽሕፈት ሠዓሊው የፈጠረው ስለሆነ ማንም ሊያነበው አይችልም፤ ፕሮፌሰሩም እናትየውም እኩል መሃይም ይሆናሉ። እኔ ከዚህ የበለጠ ፍትሐዊ መጽሐፍ አላውቅም።

ሩጫ እንጂ ሌላ ለማይሰማ ወጣት የጀርመናዊው ራይንሃርድ ክላይስት የሳሚያ ዩሱፍ ኦማር ታሪክ አለ። ሳሚያ በ2008 ቤጂንግ ኦሎምፒክ ለሶማሊያ 200 ሜትር ሮጣ በ32.16 ሰከንድ ከምድቧ መጨረሻ የወጣችው፣ ስታዲየሙ ግን ያጨበጨበላት ልጅ ናት። ለለንደን ለመዘጋጀት ከሞቃዲሾ አዲስ አበባ መጣች፤ ከዚያ ሱዳን፣ ከዚያ ሊቢያ፤ በ2012 ሜዲትራንያን ላይ ቀረች። አዲስ አበባ ላይ ስትደርስ የኛ አገር አንባቢ ቀስ ይላል። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ከዘመድ አፍ ሰምቶታልና።

«ማውስ»ንና «ፐርሴፖሊስ»ን ማንም ያውቃቸዋል፤ አልደክምባቸውም። «ማውስ»ን ግን ለጋሼ ሰጥቻቸዋለሁ፤ አይሁዶቹ አይጥ፣ ጀርመኖቹ ድመት ሆነው መሳላቸውን አስቤ አይደለም። አርት ስፒገልማን ከናዚ ማጎሪያ የተረፈውን አባቱን ቭላዴክን ሲስል፣ ሽማግሌው ኒው ዮርክ ውስጥ መንገድ ላይ የተጣለ የስልክ ሽቦ የሚያነሣበት ቦታ አለ፤ ይጠቅማል ብሎ። ልጁ ቆሻሻ ለምን ታነሣለህ ይለዋል። ከአውሽዊትዝ ይልቅ እዚያ ገጽ ላይ ምን እንደሚሉ ለመስማት ነው የጓጓሁት። ሲመልሱት የነገሩኝ ስለ ድመቶቹ ነበር፤ ሽቦውን አላነሡም። እኔም አልጠየቅሁም፤ መጽሐፍ ሰጥቶ ፈተና መፈተን ነውር ነው።

## የሚያስቅም አለ

እስካሁን ያነሣሁትን ያየ ሰው ኮሚክ ማለት መከራ ነው ሊል ይችላል። አይደለም። ለሠርግ ወሬና ለጎረቤት ሐሜት ለምትሞት ልጅ የማርጌሪት አቡዌት «አያ» አለች። አቡዌት ኮት ዲቩዋር፣ አቢጃን ተወልዳ ፓሪስ የኖረች ናት፤ ሥዕሉ የክሌማን ኡብሬሪ ነው። የ1970ዎቹ መጨረሻ የአቢጃኑ የዮፑጎን ሰፈር፣ ሐኪም መሆን የምትፈልግ ልጅና መጨፈር ብቻ የሚፈልጉ ጓደኞቿ። በ2005 ተጀምሮ ለዓመታት ከቆመ በኋላ ቀጥሏል፤ በ2024 በእንግሊዝኛ የወጣው ክፍልም እንደ ጥንቱ ያስቃል። ስለ አፍሪካ የተጻፈ ሁሉ ጦርነት ወይም ድርቅ ካልኖረው የማይታተም ለሚመስለው ሰው ጥሩ መድኃኒት ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ «የኛስ?» የሚለው ጥያቄ ነው። «ጀምበር» አለ፤ በ2018 ኤታን ኮሚክስ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያወጣው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ «ሐዊ» ተከተለች። እውነቱን ለመናገር እኔ ልዕለ ኃያል ጀግና አይሆንልኝም፤ የሚበርር ሰው ሲመጣ ገጽ እዘላለሁ። «ጀምበር»ን የምወደው ጀግናው ኃይሉን ከማግኘቱ በፊት ባለው ነው። ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለ፤ ያንን መንከራተት የውጭ ሠዓሊ እንዲህ አይስለውም።

የውጭ ሠዓሊ ስል ሁጎ ፕራት ትዝ አለኝ። ጣሊያን አገራችንን በያዘችበት ዘመን በልጅነቱ መጥቶ ከወላጆቹ ጋር የኖረ፣ ኋላም «ኮርቶ ማልቴዝ» የሚባለውን መርከበኛ ጀግናውን ወደኛ አካባቢ ያመጣ ሰው ነው። ሥዕሉ ያምራል፤ በጣም። ግን የወራሪ ልጅ ሆኖ ያየውን ነው የሚስለው። እሰጣለሁ፤ ማን እንደ ሳለው ተናግሬ እሰጣለሁ።

የየካቲት 66ን አብዮት በኮሚክ ለሚጠይቀኝ ግን የምሰጠው የለኝም። ለኢራን «ፐርሴፖሊስ» አለ እያልኩ የሰው አብዮት አቀብላለሁ። ስለዚያ ዘመን በየቤቱ ስንት ሰው ጣቱን የሚያሳርፍበት ባዶ ቦታ እንዳለው ሳስብ፣ መሳል የሚችሉ ልጆቻችን ማንጋ የሚባለውን የጃፓን ኮሚክ መኮረጅ ትተው አንዴ አባታቸውን ቢጠይቁ እላለሁ። ማንጋውን መተው የለባቸውም በርግጥ፤ ዓይን የሚከፈተው በእሱ ነው። ብቻ መጠየቅ።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የቴሳ ሃልስ «ፊዲንግ ጎስትስ» ነው። በ2024 ወጥቶ በሚቀጥለው ዓመት በግለ ታሪክ ዘርፍ የፑሊትዘር ሽልማት ወሰደ። አያት፣ እናትና ልጅ። አያቲቱ ሻንጋይ ውስጥ ጋዜጠኛ ነበረች፤ ወደ ሆንግ ኮንግ ሸሽታ ያየችውን ጻፈች፣ ከዚያም አእምሮዋ ታመመ። ልጇ ስታስታምማት ኖረች፤ የልጅ ልጇ ደግሞ ከሁለቱም ሸሸች። ጥቁር ቀለም የበዛበት፣ ጽሑፉም የታጨቀ፣ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሚክ ለሚያነብ አይሆንም። ለማን እንደምሰጠው ገና አልቆረጥኩም። አያቷ ምን ሆነው እንደ ታመሙ ቤት ውስጥ የማይነገራት፣ ጠይቃም የተቆጧት ልጅ ካለች ግን ቅዳሜ ከሰዓት ትምጣ። ከብዷት ብትመልሰው ቅር አይለኝም፤ ወረፋ የያዘ ሌላ ሰው አይጠፋም።